ለሁለት የተከፈለ መድኃኒት

ገና ሸለብ ሲያደርገው የደም ግፊት መለኪያው መሣሪያ ነፋ። ክንዱ ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ሄዶ ጣቶቹ እስኪደነዝዙ ጨመቀው፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ተነፈሰ። በዚህ መሀል መንቀሳቀስ የለም፣ መናገርም የለም፤ ነርሷ ክንዱን ይዛ በእጇ ምልክት ደጋግማ አሳይታዋለች፣ እሱም እንደ ጨዋ ተማሪ እጁን ዘርግቶ ጣሪያውን ያያል። በየግማሽ ሰዓቱ እንዲህ ነው፣ ነገ ጠዋት ፈትቶ እስኪመልሰው ድረስ። አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ እሱ ግን የሌሊት ሠራተኛ ነውና ሌሊቱ ይኼ ነው። መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ጋርዶታል፣ ብርሃኑ ግን በጎን ሾልኮ ይገባል፣ ከታች የጎረቤት በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አንድ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ በስልክ ይስቃል። ይኼ ሰውዬ እቤቱ ገብቶ ቢስቅ ምናለበት? የኔ ግፊት በእሱ ሳቅ ሲጨምር ነገ ሐኪሙ የኔ ጥፋት ሊያደርገው ነው።

ራስጌው ላይ ነርሷ የሰጠችው ወረቀት አለ። ሰዓቱን ጻፍ፣ ሲነፋ ምን ታደርግ እንደነበር ጻፍ፣ መድኃኒትህን ወስደህ እንደሆነ ጻፍ። ሰዓቱን ይጽፋል። ምን ታደርግ ነበር ለሚለው "ተኝቼ" ብሎ ጽፎ ነበር፣ ቆይቶ ውሸት መሰለውና ሰርዞ "ጋደም ብዬ" አደረገው፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ከወረቀት ጋር ስለ እንቅልፍ ይከራከራል። ሦስተኛው ዓምድ ግን ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው። መድኃኒቱ ጠፍቶ አይደለም፣ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ዛሬ የእሱ ቀን ስላልሆነ ነው። ዛሬ የእትዬ ቀን ነው።

ነገሩ ከተጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። ያኔ ታላቅ እህቱ ስልክ ላይ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው በቀስታ፣ የግፊት መድኃኒቷ ከየፋርማሲው መጥፋቱን ነገረችው፤ ሁለት ሳምንት ሳትውጥ ቀርታለች፣ ራሷን ይዟታል፣ ግን አታስብ። አታስብ ስትል ነው ሰው የሚያስበው። እትዬ ስኳርም አለባት፣ ግፊትም አለባት፣ እሱ ደግሞ ሁለቱም ከተገኙበት ገና ዓመቱ ነበር፣ ሐኪሙም ያው የእሷኑ ዓይነት ክኒን ነበር ያዘዘለት። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አገኘና ከራሱ ላይ ቀንሶ ላከላት። በሳምንቱ ደወለች፤ ያ የላክልኝ መድኃኒት ራሴን ቅልል አደረገልኝ፣ እዚያ ያለው እኮ ሌላ ነው፣ አለችው። ደስታው ልክ አልነበረውም። እናታቸውን ስኳር ሲወስዳት እትዬ ናት ያስታመመችው፣ እሱን ያሳደገችው እሷ፣ ያስተማረችው እሷ፣ እዚህ የላከችው እሷ፣ ለእሷ አንድ ነገር ማድረግ የቻለው ያን ቀን መሰለው። ውድ ይሆን እንዴ ስትለው ሳያስበው፣ ኧረ እትዬ፣ እዚህ እኮ እንደ ከረሜላ ነው የሚሸጠው፣ አላት። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። አንድ ቀን ለእሱ፣ አንድ ቀን ለእሷ። መንገደኛ ሁሉ ሻንጣዬ ሞልቷል ስለሚል ክኒኖቹን ከማሸጊያቸው እያወጣ አሮጌ የቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ይጨምራቸዋል፣ ፕላስተር ይለጥፍና በእስክሪብቶ "ጠዋት" ብሎ ይጽፍበታል። የክኒኑ ስም የለ፣ መጠኑ የለ። ጠዋት። በቃ።

የራሱን ሕመም አልነገራትም። እንዴት ብሎ ይነግራታል? እናቷን በስኳር ቀብራ፣ ራሷ በስኳር ተይዛ፣ በስልክ ደውሎ እኔም እትዬ ይበላት? ሁልጊዜ ስልኩን ስትዘጋ፣ አንተ እንኳን ጤነኛ ሁንልኝ፣ ትላለች፤ እሱም አሜን ይላል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሐኪሙ ዘንድ ያለው ውሸት ደግሞ ሌላ ነው። ያ ሐኪም መልካም ሰው ነው፣ ኮምፒውተሩን ትቶ ሰው ሰው ያያል። ጠረጴዛው ላይ ስልኩን አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ አስተርጓሚ ያስጠራል፣ ከስልኩ ውስጥም የአገሩ ልጅ የሆነች ሴት ድምፅ ይመጣል፣ ጨዋ፣ ረጋ ያለች፣ የማን ልጅ ትሆን ብሎ ሰው እንዲያስብ የምታደርግ። ሐኪሙ ስኳር የደም ሥሮችን ከውስጥ እንደሚጎዳ፣ ግፊት ደግሞ ያንኑ የተጎዳውን ሥር እየገፋ እንደሚጨርሰው ነገረው፤ እሷም፣ "ፀሐይ ላይ እንደከረመ የውኃ ጎማ ይደርቃሉ፣ መለጠጥ ያቆማሉ እያሉዎት ነው። መጀመሪያ ቀጫጭኖቹን ነው የሚያጠቃው፣ የዓይንን፣ የኩላሊትን፣ የእግርን። ሽንትዎ ውስጥ ፕሮቲን መታየት ጀምሯል፣ ኩላሊትዎን ይጠብቅልን ብለን የሰጠነው ክኒን ለምን እንዳልሠራ አልገባንም እያሉ ነው" አለችው። ለምን እንዳልሠራ እሱ ያውቃል። ግማሽ ክኒን ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው፣ ለዚህ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከሦስት ወር በፊት ግፊቱ አልወርድ ሲላቸው ሁለተኛ ክኒን ጨመሩለት፣ ትንሿን፣ ሥሮቹን የምታሰፋውን፣ ማታ ማታ የምትዋጠውን፤ እሷንም ለሁለት ከፈላት። ሁለተኛ ጠርሙስ፣ ሁለተኛ ፕላስተር፣ "ማታ"። ይቺኛዋ ደግሞ ትበልጣለች እትዬ፣ አዲስ ናት፣ አላት። አሁን ሐኪሙ ሦስተኛ ሊጨምር ነው፣ ግን ከመጨመሩ በፊት ቀንና ሌሊቱን በሙሉ እንለካህ ብሎ ይኼን መሣሪያ አስታጠቀው። ዛሬ ጠዋት ነርሷ ከማሰሯ በፊት ሐኪሙ ዓይን ዓይኑን እያየ አንድ ነገር ጠየቀው፣ አስተርጓሚዋም፣ "በየቀኑ ሳያቋርጡ ይወስዳሉ ወይ?" አለችው። አዎ በይልኝ አላት። ለባዕድ ቢሆን ይናገር ነበር። ለባዕድ የተናገሩት ቋንቋው ውስጥ ይቀራል፣ ለአገር ልጅ ግን እንዴት ብሎ? ዛሬ ለእሷ የተናገረው ነገ በአንዱ ለቅሶ ቤት ዞሮ እትዬ ጆሮ ቢገባስ? ደግሞ መድኃኒቱን የሚልክ መሆኑን ካወቁ ቢከለክሉትስ? አዎ አለች ሴትየዋ በእነሱ ቋንቋ። አጭር ቃል ናት።

ከክሊኒኩ ወጥቶ አውቶቡስ ላይ እያለ ነው የእትዬ ልጅ የደወለችው። ጋሼ አትደንግጥ፣ አለችው። ሰው አትደንግጥ ሲባል ነው ልቡ የሚሰነጠቀው። እማዬ ትንሽ ወድቃ ነበር፣ አሁን ደህና ናት። ትንሽ መውደቅ ምን ዓይነት ነው? ሰው ወይ ይወድቃል ወይ አይወድቅም። መስኮቱን ተደግፎ፣ ክንዱ ላይ መሣሪያው ተንጠልጥሎ፣ ከጎኑ የተቀመጠችው ሴትዮ ፈንጂ የታጠቀ ይመስል እያየችው፣ ንገሪኝ፣ ሁሉንም ንገሪኝ አላት። ነገረችው። የእትዬ እግር ማበጥ ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል፣ ጫማ እምቢ ብሏታል፣ በነጠላ ጫማ ነው የምትወጣው፣ እስካሁን ያልነገረችው አትንገሪው ብላት ነው። ሐኪሟ ኩላሊቷን ጠርጥሮ የሚያሸና ክኒን ሰጣት። እብጠቱ አልጎደለም፣ እሷ ግን ሽንት ቤት ስትመላለስ አቅም አጣች፣ ዛሬ ከአልጋ ስትነሳ ዞረባትና በግንባሯ ደፋት። ነገ ጠዋት ቀጠሮ አላት፤ ሐኪሙ ካልጎደለ እጥፍ አደርገዋለሁ ብሏል። ከውጭ የሚላክላትን ክኒን ለሐኪሙ ነግራችኋል ወይ አላት። "እንዴ፣ ጋሼ" አለችው፣ "እማዬ ሐኪሙ ይቀየመኛል ብላ እኮ ነው። ደግሞ ምን ብለን እንንገረው? ማታ የሚባል ክኒን?"

ይኼው ነው ያላስተኛው። መሣሪያውማ ሰበብ ነው።

እቤት ሲደርስ ጫማውን ሳያወልቅ መሳቢያውን ከፈተ፣ የትንሿን ክኒን ካርቶን አወጣ፣ ውስጧ እንደ ደብዳቤ የታጠፈውን ወረቀት አወጣ፣ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ያልገለጠውን። ፊደሉ የጉንዳን እግር ነው። ስልኩን ከላዩ አድርጎ እያስተረጎመ፣ የማይገባውን እየዘለለ አነበበ፤ ራስ ምታት፣ ፊት መቅላት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ከሚታዩት መካከል የቁርጭምጭሚትና የእግር እብጠት። ሦስቴ አነበበው። መላክ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው፣ መንገደኛው እስኪደርስ ሳምንታት፣ ያበጠችው ከሁለት ወር በፊት። ኩላሊቷ ላይሆን ይችላል። የወንድሟ ፍቅር ሊሆን ይችላል፣ በጠርሙስ የተላከ። ሐኪሟ የማያውቀውን ክኒን በሌላ ክኒን እያሳደደ ነው፣ ነገ ደግሞ እጥፍ ሊያደርገው ነው፣ የዛሬውን በግንባሯ ወደቀች፣ የነገውን በምኗ ትወድቃለች? ወገቧ ቢሰበርስ? ስድሳ አምስት ዓመቷ እኮ ነው። ልንገራት ብሎ ስልኩን አነሳ፣ አስቀመጠው። አሁን አስራ አንድ ጊዜ ያህል እንዲሁ አድርጓል፣ በየመሀሉ መሣሪያው እየነፋ።

ትንሿን ክኒን ተዪያት ብሎ መዝጋት ይችላል፤ ለምን ስትለው፣ ዝም ብለሽ ተዪያት። ወረቀቱ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ ይላል፣ እሱ ደግሞ ሐኪም አይደለም፣ አንሶላ አጣቢ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሆቴልና የሆስፒታል እርጥብ አንሶላ በመተኮሻው ማሽን ሁለት የጋሉ ከበሮዎች መሀል የሚያሳልፍ፣ ጓደኞቹ በመነጽሩ የተነሳ ፕሮፌሰር የሚሉት። ፕሮፌሰሩ እስከ ዛሬ ለእህቱ ሲያዝዝ ኖረ። አይ ፕሮፌሰር። ሌላው መንገድ የካርቶኑን ፎቶ ለልጅቷ መላክ ነው፣ እሷ ነገ ለሐኪሙ ታሳየዋለች። ችግሩ ካርቶኑ ላይ ፋርማሲው የለጠፈው ወረቀት ነው፤ የእሱ ሙሉ ስም ከነአባቱ ተጽፎበታል። ከረሜላ ላይ የገዢ ስም አይጻፍም። ተነሳ፣ ካርቶኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አቆመው፣ በአውራ ጣቱ ስሙን ሸፈነና ፎቶ አነሳ። ላከው። በራሱ ብልጠት ትንሽ ደስ አለው፣ ጋደም አለ፣ አሁንስ እተኛለሁ አለ።

ስልኩ ጮኸ። "ጋሼ፣ ፎቶው ደርሶኛል" አለች ልጅቷ። "ግን ጣትህ ገብቶበታል እኮ።"

"የክኒኑ ስም ይታያል አይደል?"

"ስሙ ይታያል። መጠኑና አወሳሰዱ ግን ጣትህ ሥር ነው ያለው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀን እሱን ነው። ጣትህን አንሳና ድጋሚ አንሳው።"

አፉን ከፈተ፣ መሣሪያው ነፋ። ክንዱ ተያዘ፣ ምላሱም አብሮ ተያዘ፤ መናገር የለም ተብሏል፣ እሱም መናገር አልፈለገም፣ ሁለቱ ገጠሙለት። ጋሼ? አለች። ጋሼ ትሰማኛለህ? ከኋላዋ፣ ምን ሆነ፣ ወዲህ በይው፣ የሚል ድምፅ ሰማ፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተንኳኳ፣ እና እትዬ መጣች፣ ትንፋሿ ቀድሟት።

"ወንድሜ? ምነው ዝም አልክ? ምንድነው እንዲህ የሚነፋው?"

ጨርቁ ተንፍሶ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ በላይ የሚያስጠብቅ ነገር አልነበረም።

"የግፊት መለኪያ ነው እትዬ። ክንዴ ላይ ነው የታሰረው።"

"አንተ ክንድ ላይ ምን ይሠራል?"

"ክኒኑን አልገዛውም" አላት። "እንደ ከረሜላ ይሸጣል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። የታዘዘልኝ ለኔ ነው። ስኳር አለብኝ፣ ግፊትም አለብኝ። አራት ዓመቴ ነው። ከራሴ እየቀነስኩ ነበር የምልክልሽ። ትንሿ ደግሞ እግር ታሳብጣለች፣ ዛሬ ነው ያነበብኩት፣ ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ተጽፎ እያለ ሦስት ወር ሙሉ አላነበብኩም። የወደቅሽው በኔ ነው።"

ጩኸት ጠበቀ። ለቅሶ ጠበቀ። በስልኩ የመጣው ግን የሩቅ መኪና ጥሩንባ ነው፣ ልጅቷም ምን አለሽ ስትል ተሰማ።

"ግማሹን ነበር የምትውጠው?" አለችው እትዬ በመጨረሻ።

"አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እኔ።"

"ሦስት ዓመት?"

"ሦስት ዓመት።"

"እኔ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ ሳወራ" አለች፣ "ወንድሜ ነው ያቆመኝ ስል። ሥጋህን እየበላሁ ነበር ለካ።" አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማት። እሱም አለቀሰ፣ ሲያለቅስ ቁጥሩ ስንት ይሆን ብሎ አሰበ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አላወቀም። ሦስት ዓመት ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ግን ተነስቶለት ነበር፣ ይኼንን ደግሞ ማንም እንደማይለካለት ያውቃል።

"ምስሉን አብራው" አለችው።

"ምን?"

"የስልኩን ምስል። ፊትህን አይደለም፣ ፊትህን አውቀዋለሁ። እግርህን አሳየኝ። ካልሲህን አውልቅ።"

"እትዬ፣ እግሬ ደህና ነው።"

"አውልቅ አልኩህ።"

በሃምሳ ሁለት ዓመቱ አልጋው ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ያወልቃል። ስልኩ ላይ የእህቱ ፊት ይታያል፣ ግንባሯ ላይ የተለጠፈው ነጭ ፋሻ፣ ከሥሩ ሁለት የተኮሳተሩ ዓይኖች። ጨለማ ነው አለችው፣ ተነስቶ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ነጥቆ ጣለው፣ የቀኑ ብርሃን ሁሉ አንድ ጊዜ ገባ። ግራውን አሳያት። ጣቶቹን ለያያቸው፣ አለችው፣ በእያንዳንዱ መሀል ልየው። ለያየ። ገልብጠው። ገለበጠ። እሱ ይስቃል፣ ሳቁ ግን ከአፍረት ነው። ሌላውን አምጣ። ቀኙን አነሳ፣ ስልኩን በመሣሪያው ቱቦ መሀል እያሳለፈ ከእግሩ ሥር ያዘው።

"ቆይ። አታንቀሳቅሰው። ተረከዝህ ጋ ያ ምንድነው?"

"የቱ?"

"ከኋላ በኩል። የቀላው።"

ጎንበስ ብሎ ማየት አልቻለም፣ ጣቱን ሰደደ፣ እርጥብ ነገር ነካ። ካልሲውን አነሳው፤ ከተረከዙ በኩል የጣት ጫፍ የምታክል ቡናማ ነጥብ ደርቃለች፣ በላይዋ አዲስ አለ። አዲሱ የሥራ ጫማ ይሆናል። ስንት ሌሊት ቆሞበታል? አላወቀም። አያምህም? አለችው። ይሰማው እንደሆነ ጫን አድርጎ ሞከረ። አያመኝም አላት፣ ሲላት የገዛ ቃሉ አስደነገጠው።

"እማዬን አላመማትም ነበር" አለች እትዬ፣ ቀስ ብላ። "አንተ ትንሽ ነበርክ፣ ካንተ ተደብቆ ነው የተያዘው። ከአውራ ጣቷ ነው የጀመረው። ምንም አያመኝም፣ ምንም አያመኝም እያለች አንድ ወር ሙሉ ውኃ ቀዳች። ሐኪሙ ሥሯ ደም አያደርስም አለን። መጀመሪያ ጣቷን፣ ከዚያ እግሯን ቆረጧት።" ወደ ስልኩ ተጠጋች። "ተነስ። ንጹሕ ካልሲ አድርግ፣ ሰፊውን ጫማ አድርግና አሁኑኑ ሂድ።"

"ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ እኮ።"

"ነገ ጠዋት የኔ ቀጠሮ ነው። ካርቶኑን ጣትህን አንስተህ ላክ፣ የኔን ለኔ ሐኪም እኔው እነግረዋለሁ፣ ይቀየመኝ ከፈለገ። ያንተን አንተ ዛሬ ትነግራለህ። ስልኩን አልዘጋውም።"

ላከ፣ ስሙም መጠኑም እየታየ። ከዚያ ደረጃውን ወረደ፣ ያ ሰውዬ አሁንም ቆሞ ይስቃል፣ አልፎት ሄደ። ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፣ ከውስጡ እትዬ መንገድ ላይ ነህ፣ ሲሻገሩ ግራና ቀኝ ይታያል፣ ምነው ቀስ አልክ፣ ትላለች፣ እሱም አለሁ፣ አለሁ ይላል፣ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። መሣሪያው መንገድ ላይ አንዴ ነፋ፣ እጁን ቀጥ አድርጎ ቆመ፣ እሷም ድምፁን ሰምታ እስኪጨርስ ዝም አለች። ክሊኒኩ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሴት ክንዱን አይታ ነገ አይደለም እንዴ የምትመልሰው አለችው፣ ባለችው ጥቂት ቋንቋ ለእሱ አይደለም የመጣሁት አላት፣ እግሩን አሳያት፣ አስተርጓሚ እንዲደወልለት ለመነ። ሴትየዋ ስልክ ስታነሳ፣ ብቻህን ነው የመጣኸው ወይስ አብሮህ የመጣ ሰው አለ ብላ ጠየቀችው፤ ይኼን አረፍተ ነገር በደንብ ያውቀዋል፣ በመጣ ቁጥር ይጠየቃል፣ በመጣ ቁጥር ብቻዬን ነኝ ይላል። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ መሀል አስቀመጠው።

"ከእህቴ ጋር ነኝ" አላት።

"ደረስክ?" አለች እትዬ። "በል ንገራቸው። ከመጀመሪያው ጀምረህ።"